ካኖንን ያቆሙት አዋላጅ ሐኪም፦ ዶክተር ታኬሺ ሚታራይ

ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር የሚሰለፈው ፈረስ ብቻ አይደለም፤ ካሜራውም ይሰለፋል። እዚህ ግምጃ ቤትም ሰርግ ካለ ከሙሽሮቹ ፊት ፊት የኋሊት እየተራመደ የሚያነሳውን ልጅ ልብ ብላችሁ እዩት። አንገቱ ላይ ያለው ማንገቻ ብዙ ጊዜ አንድ ስም ተጽፎበታል፦ ካኖን። ፎቶ ኮፒ ቤት ጎራ ስትሉም ያው ስም ማሽኑ ላይ ያጋጥማችኋል።

ስሙን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስሙን ለዚህ ያበቁትን ሰው ግን የሚያውቃቸው ጥቂት ነው። ፎቶ አንሺ አልነበሩም። መሐንዲስም አልነበሩም። ነፍሰ ጡር የሚያዋልዱ ሐኪም ነበሩ፤ ዶክተር ታኬሺ ሚታራይ ይባላሉ። ካረፉ 40 ዓመት አልፏል። ዛሬ የሳቸውን ታሪክ እናወጋችኋለን። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እናስቀምጣለን፤ የእኛን ስንጠቅስ የእኛ መሆኑን እንናገራለን።

ሚታራይ የተወለዱት መጋቢት 1901 በደቡብ ጃፓን፣ ኪዩሹ በሚባለው ደሴት፣ ኦኢታ ክፍለ ሀገር ውስጥ በአንድ የባሕር ጠረፍ መንደር ነው። የቤተሰባቸው ስም በጃፓንኛ ሲፈታ እጅ መታጠቢያ ማለት ነው። ወደ ቤተ መቅደስ ከመግባት በፊት እጅ የሚነጻበትን ውኃ የሚያመለክት የድሮ ስም ነው። ለአዋላጅ ሐኪም ከዚህ የተሻለ ስም ማን ያወጣል? ትምህርታቸውን የተከታተሉት ከተወለዱበት በተቃራኒ በአገሪቱ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በሆካይዶ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ ቶኪዮ ገብተው በቀይ መስቀል ሆስፒታል የማህፀንና የጽንስ ሐኪም ሆኑ።

ያን ጊዜ ጃፓን በእኛ ሰዎችም ዓይን ውስጥ የገባች አገር ነበረች። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ልዑክ ሆነው ቶኪዮ ሄደው ነበር። ሲመለሱም ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚል መጽሐፍ በ1924 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር አሳትመዋል። በዚያ ዘመን የነበሩ ምሁራኖቻችን ጃፓን እንዴት በአጭር ጊዜ ከአውሮፓ እኩል ቆመች እያሉ ይጽፉ፣ ይከራከሩ ነበር።

ነገሩ ግን ከሩቅ እንደሚታየው ያለቀለት አልነበረም። ጃፓን የጦር መርከብ ትሠራለች፤ አውሮፕላን ትሠራለች። በእጅ የሚያዝ ጥሩ ካሜራ ሲሆን ግን ሁሉም ዓይኑ ወደ ጀርመን ነው። የጀርመኑ ላይካ ቶኪዮ ላይ 420 የን ይሸጥ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ትልቅ ድርጅት የተቀጠረ ወጣት መነሻ ደመወዝ ደግሞ በወር 70 የን ነው። ሳይበላ ሳይጠጣ የስድስት ወር ደመወዙን ማጠራቀም አለበት ማለት ነው።

በዚህ የተናደዱ ጎሮ ዮሺዳ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ዮሺዳ ካሜራና የፊልም ማሳያ መሣሪያ የሚጠግኑ፣ እጃቸው የማያርፍ ባለሙያ ናቸው። ዕቃ ለመግዛት ሻንጋይ ይመላለሱ ነበር። እዚያ አንድ የውጭ ነጋዴ፣ ያን የመሰለ የጦር መርከብ የምትሠሩ ሰዎች ይቺን የካሜራ ዕቃ መሥራት አቅቷችሁ ነው ወይ ብሎ ቢጠይቃቸው ነገሩ ውስጣቸው ገባ። አገራቸው ተመልሰው አንድ ላይካ ገዙና ብሎን በብሎን ፈቱት። ውስጡ ምንም የሚያስደነግጥ ነገር የለም። ነሐስ፣ አሉሚኒየም፣ ብረት፣ ጎማ፣ በቃ። አልማዝ የለበትም። ይህ ሁሉ ገንዘብ ለዚህ ነው እንዴ ብለው ነው የተነሱት።

ኅዳር 1933 ላይ ዮሺዳ ከእህታቸው ባል ከሳቡሮ ኡቺዳ ጋር ሆነው ቶኪዮ፣ ሮፖንጊ ሰፈር፣ አንድ የእንጨት ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ክፍል ተከራዩ። የትክክለኛ መነጽር መሣሪያዎች ቤተ ሙከራ ብለው ሰየሙት። የኡቺዳ የቀድሞ የሥራ ባልደረባ ታኬኦ ማኤዳም አብሯቸው ነበር። ዶክተር ሚታራይ እዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገቡት የኡቺዳ ወዳጅ ሆነው ነው። ስለ ካሜራ የሚያውቁት ነገር ከእኔና ከእናንተ የሚበልጥ አልነበረም፤ ግን ወዳጃቸው በገንዘብም በምክርም ሲጠይቃቸው እጃቸውን አላጠፉም።

የመጀመሪያው ሙከራ ስሙ ክዋኖን ነበር። ዮሺዳ አጥባቂ የቡድሃ እምነት ተከታይ ስለነበሩ ካሜራቸውን በምሕረት አምላክ ስም ጠሩት። ሌንሱንም ካሽያፓ አሉት፤ ይህ ደግሞ የቡድሃ ደቀ መዝሙር ስም ነው። ሰኔ 1934 «አሳሂ ካሜራ» በተባለ መጽሔት ላይ ማስታወቂያ ወጣ። ካሜራው ግን ገበያ አልወጣም። ዮሺዳም በዚያው ዓመት መከር ላይ ድርጅቱን ጥለው ሄዱ። ነገሩን የፀነሱት ሰው፣ ሥራው ፍሬ ሲይዝ አልነበሩም። ለእኔ የዚህ ታሪክ የሚያሳዝነው ክፍል ይሄ ነው።

የቀሩት ሰዎች ለዓለም ገበያ የሚሆን ስም ፈለጉ። ድምፁ ከክዋኖን ብዙ የማይርቅ ካኖን የሚለውን መርጠው በ1935 ለምዝገባ አቀረቡ። ቃሉ በእንግሊዝኛ ሕግ፣ መለኪያ፣ ሥርዓት ማለት ነው። ምንጩ ግሪክኛ ነው። እኛ ቤት ደግሞ ያው የግሪክ ቃል በግዕዝ በኩል ገብቶ ቀኖና ሆኗል። ሰርግ አንሺው ልጅ አንገት ላይ ያለው ቃልና የንስሐ አባታችን የሚሰጡን ቃል አያታቸው አንድ ነው ማለት ነው። ክዋኖን እያሉ ቢቀጥሉ ኖሮ ይህ ዝምድና ይቀርብን ነበር።

ስም ተገኘ እንጂ ስሙ ገና የራሳቸው አልሆነም። የካቲት 1936 ላይ፣ በእኛ 1928 ዓ.ም.፣ ማይጨው ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው መሆኑ ነው፣ የመጀመሪያው ካሜራ ለሽያጭ ቀረበ። ዋጋው 275 የን። ከላይካ በብዙ ይረክሳል፤ ያም ሆኖ የአራት ወር ደመወዝ ነው። ካሜራውን አንስታችሁ ብታዩት ግን የሌላ ሰው ቤት ነው። ሌንሱና የማነጣጠሪያው ክፍል ኒፖን ኮጋኩ ከሚባል ድርጅት የመጣ ነው። ይህ ድርጅት ዛሬ ኒኮን የምንለው፣ የካኖን ተፎካካሪ ነው። አናቱ ላይ ደግሞ ሃንዛ የሚል ተቀርጾበታል። ሃንዛ የአከፋፋዩ ምልክት ነው። ኦሚያ የሚባል የፎቶ ዕቃ አከፋፋይ ካሜራውን ለብቻው የመሸጥ መብት ስለነበረው የራሱን ማኅተም አናቱ ላይ አስቀረጸ። ገዢውም ሃንዛ ካኖን እያለ ይጠራው ጀመር። ልጁን ወልደህ ጎረቤት ስም ሲያወጣለት እንደማለት ነው። ገንዘብ ያልነበራቸው፣ ሱቅ ያልነበራቸው፣ ማንም የማያውቃቸው ሰዎች ስለነበሩ ምርጫ አልነበራቸውም።

ነሐሴ 1937 ቤተ ሙከራው በአንድ ሚሊዮን የን ካፒታል አክሲዮን ማኅበር ሆነ። ሚታራይ ከመሥራቾቹ አንዱ ናቸው። ሐኪምነታቸው ለድርጅቱ የጠቀመው ያን ጊዜ ነው። ጃፓን ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ ሰው ይፈጅ ነበር። ድርጅቱ በ1940 በአገሪቱ የመጀመሪያ የሆነውን የራጅ ካሜራ አወጣ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ራጁ የሚያበራ ሰሌዳ ላይ ምስል ያወጣል፣ ያንን ምስል ካሜራው በትንሽ ፊልም ያነሳዋል። ለአንድ ሰው አንድ ትልቅ ውድ ፊልም ማባከን ቀረ፤ ሰልፍ የያዘ ሰው በአጭር ጊዜ መመርመር ተቻለ። በዚሁ ዓመት ሚታራይ ቶኪዮ ሜጂሮ በሚባል ሰፈር የራሳቸውን የማዋለጃ ሆስፒታል ከፈቱ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ጃፓን ሲንጋፖርን ስትይዝ ኡቺዳ ወደዚያ ለአስተዳደር ሥራ ተላኩ። ድርጅቱ ያለ መሪ ቀረ። መስከረም 1942 ወንበሩ ላይ የተቀመጡት የ41 ዓመቱ አዋላጅ ሐኪም ናቸው። ሸፋፍነን አናልፈውም፤ ፋብሪካው በጦርነቱ ዓመታት ለጦር ኃይሉ ሠርቷል። ከዚያ ዘመን በበጎ የሚነሳላቸው ግን አንድ ነገር አለ። የዚያን ጊዜ የጃፓን ፋብሪካ ሠራተኛውን በሁለት ይከፍለው ነበር። ወንበር ላይ የሚቀመጠው የወር ደመወዝተኛ ነው፣ ማሽን ላይ የሚቆመው የቀን ሙያተኛ ነው። ሚታራይ ይህን ልዩነት አነሱት፤ ሁሉም የወር ደመወዝተኛ ሆነ። ምጥ ላይ ያለች ሴት ባለጸጋም ትሁን ደሃ ጩኸቷ አንድ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ውሳኔ ይመስለኛል። ይህ ግን የእኔ ግምት ነው።

በ1945 ቶኪዮ በቦምብ ነዳ፤ ጃፓን እጅ ሰጠች። ድርጅቱም ሠራተኛውን በትኖ ተዘጋ። ብዙ ሰው ያኔ ወደ ድሮ ሙያው ይመለሳል። ሐኪም ደግሞ በፈራረሰ ከተማ ሥራ አያጣም። ሚታራይ ግን ጥቂት ሰዎቻቸውን ሰብስበው በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ፋብሪካውን መልሰው ከፈቱት። መሣሪያም ጥሬ ዕቃም እንደልብ አልነበረም። ገዢ ግን ከማይጠበቅ ቦታ መጣ። አገራቸውን የያዛት የአሜሪካ ጦር ወታደር ነው ገዢው። በወታደሮች መደብር እየገዛ፣ አገሩ ሲገባ ለወንድሙ፣ ለጓደኛው እያሳየ፣ ሳያውቀው የካኖን አከፋፋይ ሆነ። ድርጅቱ በራሱ ሌንስ መሥራትም ጀምሮ ነበርና ሴሬናር ብሎ ሰየመው፤ ከኒፖን ኮጋኩ ጥገኝነት መላቀቅ ጀመረ። መስከረም 1947 ሚታራይ የኩባንያውን ረጅም ስም ትተው በካሜራው ስም ካኖን ካሜራ ኩባንያ አሉት። ሃንዛ የሚለው ማኅተም ታሪክ ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። በ1950 ሚታራይ ካሜራቸውን ይዘው አሜሪካ ሄዱ። አስቡት፤ ከተሸነፈች አገር የመጣ ሰው፣ ዕቃው በተያዘች ጃፓን የተሠራ የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ባሸነፈው አገር ገበያ ላይ ቆሞ ግዙኝ ሲል። ያን ጊዜ የጃፓን ዕቃ ማለት ቶሎ የሚሰበር የርካሽ አሻንጉሊት ዕቃ ማለት ነበር። በእርግጥ በዚያው ዓመት የኮሪያን ጦርነት ለላይፍ መጽሔት ያነሳው ዴቪድ ዳግላስ ዳንከን የኒፖን ኮጋኩን ሌንስ ሞክሮ ስለተደነቀ የጃፓን መነጽር ስም ማንሰራራት ጀምሮ ነበር። ግን ገና ወሬ ነው።

ሚታራይ ቺካጎ ላይ ቤል ኤንድ ሃውል ወደሚባለው ትልቅ የፊልም መሣሪያ ድርጅት ሄደው ካሜራዬን በአሜሪካ አከፋፍሉልኝ አሉ። ካሜራውን አዩት። ካሜራው አልተነቀፈም። ጥያቄው ፋብሪካህ ምን ይመስላል የሚል ሆነ። ፋብሪካው የእንጨት ነው። የእንጨት ቤት ደግሞ አንድ ቀን በእሳት ይወድማል፤ የወደመ ቀን ለደንበኛ የሚላክ ዕቃ የለም። ውሉ ሳይፈረም ቀረ።

ሌላ ሰው ቢሆን ንቀት ነው ብሎ ተቆጥቶ ይመለስ ነበር። ንቀትም ሳይኖርበት አይቀርም፤ የመጡት ከየት እንደሆነ ይታወቃል። ሐኪሙ ግን እንደ ሐኪም ነው የሰሙት፤ ምልክቱን ሰምተው ወደ በሽታው ሄዱ። ተመልሰው ቶኪዮ ሺሞማሩኮ የሚባል ቦታ ላይ እሳት የማይበላው የኮንክሪት ፋብሪካ ገዙ፤ በ1951 ሥራውን ጠቅልለው ወደዚያ አዛወሩት። የካኖን ዋና መሥሪያ ቤት ዛሬም እዚያው ሺሞማሩኮ ነው።

እስከዚያ ግን መሸጥ አለባቸው። በዚያው በ1951 ጃርዲን ማቲሰን ለሚባለው፣ መቀመጫው ሆንግ ኮንግ ለሆነው የእንግሊዞች የንግድ ድርጅት የውጭ ሽያጩን ሰጡት። ሰው ይሸጥልኛል ብሎ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ግን ከሃንዛ ጊዜ ጀምሮ ያውቁታል። በ1955 ኒው ዮርክ ላይ የራሳቸውን ቅርንጫፍ ከፈቱ። በ1957 ጄኔቫ ላይ የአውሮፓውን አቋቋሙ። በ1961 ደግሞ ያ በ1950 የመለሳቸው ቤል ኤንድ ሃውል የአሜሪካ አከፋፋያቸው ሆነ። አሥራ አንድ ዓመት ፈጀ። አሜሪካ የተሸጡት ካሜራዎች ላይ የሁለቱም ስም ጎን ለጎን ነበር፤ የካኖን ግን የትም አልተፋቀም።

ያው 1961 ሌላም ነገር ያመጣ ዓመት ነው። የካኖን ካሜራ ጥሩ ነው፣ ግን ውድ ነው። የራሱ የካኖን ወጣት መሐንዲስ እንኳ በደመወዙ የሠራውን ካሜራ መግዛት አይችልም። ይህ ነገር ፋብሪካው ውስጥ መነጋገሪያ ሆነ፤ እኛም ልንገዛው የምንችለው ካሜራ እንሥራ አሉ። ካኖኔት የሚባለው ከዚህ ተወለደ። ብርሃኑን ራሱ ይመጥናል፣ ሌንሱ ብሩህ ነው፣ ዋጋው 18,800 የን ነው። ሌሎቹ ካሜራ ሠሪዎች በዚህ ዋጋ ገበያውን ልትገድሉት ነው ብለው ጮኹ። ጥር 1961 ሱቅ ሲገባ ለሳምንት ይበቃል የተባለው ዕቃ በሁለት ሰዓት አለቀ።

ሁሉም ነገር ግን አልተሳካላቸውም። ከካኖኔት ጥቂት ቀደም ብሎ ድምፅ የሚያነብ፣ ሲንክሮሪደር የሚባል ማሽን አውጥተው ከስረውበታል። ለዚያ ሥራ የተቀጠሩት የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ሥራ ፈተው ተቀመጡ። ሊያባርሯቸው ይችሉ ነበር። ይልቅስ እነዚያው ልጆች ስሌት የሚሠራ ማሽን ሠሩ። ካኖላ 130 ይባላል፤ በ1964 ወጣ። ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉት አሥሩ ቁልፎች ብቻ ያሉት የመጀመሪያው የኤሌክትሮኒክ ሒሳብ ማሽን ነው። ያ ዓመት አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈበት ነው፤ የከተማው ካሜራ ሁሉ የእኛን ሰው ሲያነሳ የዋለበት ጥቅምት ማለት ነው።

በ1967 ሚታራይ በቀኝ እጃችን ካሜራ፣ በግራችን የቢሮ ማሽን የሚል አቅጣጫ አወጡ። በ1969 ካሜራ የሚለው ቃል ከኩባንያው ስም ወጣ። በ1970 በጃፓን የመጀመሪያው በተራ ወረቀት የሚሠራ ፎቶ ኮፒ ማሽን ወጣ። ያን ሙያ ዜሮክስ በባለቤትነት መብት አጥሮት ነበር፤ የካኖን ሰዎች ግን በሌላ መንገድ ዞረው ደረሱበት። እዚህ የልደት ካርዳችንን፣ የትምህርት ማስረጃችንን የምናባዛበት ማሽን ዘር ይሄው ነው።

ሠራተኛ በሥራ ቦታ ያድር በነበረበት በዚያ የጃፓን ዘመን ሚታራይ ሥራ ሲያልቅ ቶሎ ወደ ቤታችሁ ግቡ፣ ከልጆቻችሁ ጋር እራት ብሉ እያሉ ይወተውቱ ነበር። ቅዳሜንም ከብዙዎቹ ቀድመው ዕረፍት አደረጉት። መጀመሪያ ጤና፣ ከዚያ ቤት፣ ከዚያ ሥራ የሚሉ አለቃ ነበሩ። የሐኪም አመል አልለቀቃቸውም።

በ1974 ወንበሩን ከሮፖንጊ ጀምሮ አብረዋቸው ለነበሩት ለታኬኦ ማኤዳ ለቀው የቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። ጊዜው ክፉ ነበር። የሒሳብ ማሽኑ ገበያ ተበላሸ፤ በ1975 የመጀመሪያ አጋማሽ ድርጅቱ ለባለ አክሲዮኖች ትርፍ ማከፋፈል አልቻለም። በዓመቱ ግን ኤኢ 1 የሚባለው ካሜራ መጣ። ውስጡ ትንሽ ኮምፒውተር ያለው የመጀመሪያው ካሜራ ነው። ይሄኛው ገበያውን ጠራርጎ ወሰደው።

ዶክተር ሚታራይ ጥቅምት 2 ቀን 1977 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር በ83 ዓመታቸው አረፉ። ሐሳቡን የጀመሩት ጎሮ ዮሺዳ ከሳቸው በኋላም ብዙ ዓመት ኖረዋል። የሚታራይ ልጅ ሃጂሜ በ1993 የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በ1995 በድንገት ሲሞቱ የአጎታቸው ልጅ ፉጂዮ ተተኩ።

ሚታራይ ባረፉበት በዚያው ዓመት ሂውሌት ፓካርድ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት የመጀመሪያውን የሌዘርጄት ማተሚያ አወጣ። ዛሬ የቀበሌም የወረዳም ቢሮ ስትገቡ ጠረጴዛ ላይ የምታዩት ኤችፒ የዚያ ዘር ነው። ያ የመጀመሪያው ማተሚያ ሽፋኑ የሂውሌት ፓካርድ ነው፤ ውስጡ ያለው ሞተር ግን ሙሉ በሙሉ የካኖን ነበር።